ለቢፍቱ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቂም አልይዝም የሚል ሰው አላምንም። ወይ ይዋሻል፣ ወይ የበደሉትን አያውቅም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በሯ ከእኔ በር ፊት ለፊት የሆነው ሲስተር ሌንሳ ደገፋ ግን ቂሟን ደብቃ አታውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሯን ከፍታ ትሠራበታለች።

አባቷ ኦቦ ደገፋ ለቡ አካባቢ ያርሱ የነበሩ ገበሬ ናቸው። ሌንሳ አስረኛ ክፍልን ከክፍሏ ሁለተኛ ወጥታ ጨረሰች፤ ሐሳቧ ነርስ መሆን ነበር። ለዚያ ደግሞ አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ተፈጥሮ ሳይንስ መግባት ነበረባት። ርዕሰ መምህሩ ምትኩ፣ አንቱ እንድለው አትጠብቁኝ፣ "የገበሬ ሴት ልጅ ፊዚክስ አትችልም፤ የትምህርት ቤቱን ውጤት ታበላሺብኛለሽ" ብሎ ስሟን ማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ጻፈው። አባቷም "መምህር ካለ ይሆናል" ብለው ተቀበሉ። መንገድ ዳር ድንችና ሽንኩርት እየሸጠች፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪውን ብቻዋን አጥንታ፣ በግል ተፈትና ነርሲንግ እስክትገባ ስድስት ዓመት ፈጀባት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዛሬ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ቅዳሜ ደግሞ ከለቡ ወዲያ ካሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች በሚኒባስ የሚመጡ ልጆችን ሳሎኗ ውስጥ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ታስጠናለች። የደም ግፊት መለካት የሚለማመዱት በእኔ ክንድ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ቁጥር ይነግረኛል፤ በአንዳንዱ ቁጥር እስካሁን ሞቼ መቀበር ነበረብኝ። ከልጆቹ አንዱ ጤና ሳይንስ በገባ ቁጥር ሌንሳ ጠረጴዛውን በጥፊ መትታ "ይኸው ለምትኩ!" ትላለች።

ዘንድሮ ቢፍቱ ነበረች ተስፋዋ። ልጅቷ አስረኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች፤ ላብራቶሪ ተምራ ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ትፈልጋለች። መስከረም ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር ስታይ ግን ስሟ ማኅበራዊ ሳይንስ ውስጥ ነው። የለጠፈው ያው ምትኩ ነው። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ቢፍቱ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ ሌንሳ አላባበለቻትም።

"እትዬ ዝማሬ፣ ብቻዬን ብሄድ ያባርረኛል" አለችኝ። "ሽማግሌ እልክበታለሁ።"

"ምን ብለሽ?"

"ልጅ ስጠን ብዬ ነዋ!"

እሁድ ጠዋት ኦቦ ደገፋና ሁለት አዛውንቶች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ምትኩ ቤት ሄዱ። እኔና ሌንሳ ከአጥሩ ውጪ ቆምን። ምትኩ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችው፤ ፅጌረዳ ትባላለች። ሦስቱን ሽማግሌዎች በሩ ላይ ሲያይ የሚገባበት ጠፋው። ሚስቱን ወንበር አስመጣ፣ ፅጌረዳን ወደ ጓዳ ግቢ አላት። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል።

"አባቶቼ፣ አረፍ በሉ እንጂ!"

"የመጣንበት ሳይሰጠን አንቀመጥም" አሉ ኦቦ ደገፋ፣ እንደ ደንቡ። "ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው።"

"ልጄማ ልጃችሁ ናት" አለ ምትኩ። ሌላ አባት ቢሆን ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ኑ ይል ነበር።

"ያንተን አይደለም። ቢፍቱን ነው። ለተፈጥሮ ሳይንስ ስጠን።"

ፊቱ አመድ መሰለ። አልደብቅም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌንሳ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ ትስቃለች። እንዳይቆጣ ጎረቤት ቆሞ ያያል፤ ሽማግሌ ገፍቶ መመለስ ደግሞ ነውር ነው። ጎረቤቶቹን በዓይኑ ቃኘና "ሰኞ ስሟን አዛውራለሁ" አለ። "ግን ሌንሳ በደረሰችበት ሁሉ ስሜን ታጠፋለች። እሷም ይቅር ትበለኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና እውነቱን ነው አሉ። ኦቦ ደገፋ ወጥተው ልጃቸውን ጠሯት።

"ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ይቅር በይው።"

"አባዬ፣ ስድስት ዓመቴን?"

"አንቺ ካላልሽ እኛም አንቀመጥም። እኛ ካልተቀመጥን ቢፍቱም የለችም።"

የላከቻቸው ሽማግሌዎች ዞረው እሷኑ ያዟት። ምትኩ አንገቱን ደፍቶ "ይቅር በይኝ" አላት። አባቷን ዞራ አየች፤ እንደቆሙ ናቸው። በመጨረሻ "ይቅር ለእግዚአብሔር" አለች። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ።

በሚኒባስ ስንመለስ ጀሞ እስክንደርስ አለቀሰች። "ከዚያ ሰው ያተረፍኩት ቂሜን ብቻ ነበር፤ እሱንም ሰጠሁት" አለችኝ። እኔም ከእሷ እኩል ተናደድኩ።

ሰኞ ቢፍቱ ተፈጥሮ ሳይንስ ተመዘገበች። ቅዳሜ ስትመጣ ግን አራት የክፍሏን ሴት ልጆች አስከትላ ነበር። አራቱም ውጤት አላቸው፣ አራቱም ማኅበራዊ ሳይንስ ተብለው ተጽፈዋል። ሌንሳ ካርዳቸውን ተራ በተራ ተቀብላ አየች። ሳምንቱን ሙሉ ጭፍግግ ብሎ የሰነበተው ፊቷ ቀስ በቀስ ደም ገባበት። ስልኳን አንስታ አባቷ ጋ ደወለች።

"አባዬ፣ እኔ ይቅር ያልኩት የራሴን ነው" አለቻቸው። "የእነዚህን የአራቱን ማንም ይቅር አላለውም። ነገ ጋቢያችሁን ልበሱ።"