የውሃው ሽታ እስኪመለስ፦ ከላሊበላ ወልድያ ደርሶ መልስ

ሰኞ፣ ንጋት ዐሥራ አንድ ሰዓት፣ ላሊበላ

የቦኖውን ቁልፍ ለትልቋ ልጄ ሰጥቼ፣ የትንሿን ግንባር ስሜ ወጣሁ። በደርግ ዘመን የሰፈሩ ቦኖ ውሃ ጠባቂ ነበርኩ። ይህን ማስታወሻ ያኔ በልጆቼ ደብተር ጀርባ ጽፌው ነበር፤ አሁን ለአንባቢ ጥቂት አቃንቼዋለሁ።

የምሄደው የውሃ መድኃኒት ፍለጋ ነው። ክሎሪኑ ካለቀ ሦስተኛ ሳምንቱ። ሰዉ ግን ደስ ብሎታል። «የሻረግ፣ ውሃው ጣፈጠ እኮ! ያ ሽታ ለቀቀው» ይሉኛል። የጠፋው ሽታው ብቻ ሳይሆን መድኃኒቱም ነው ብላቸው ይስቃሉ።

እኔ አልሳቅሁም። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጄ ያልታከመ ውሃ ጠጥታ በተቅማጥ ከእጄ ልትወጣ ነበር። ብትድንልኝ በገና አብሬያት ልቆርብ ተሳልኩ። እግዚአብሔር ማራት። ገና ዓርብ ማታ ይገባል፤ ምእመኑም ከየአገሩ እየተመመ ነው። መድኃኒቱ ካልደረሰ የስንቱ እናት እንደኔ ታለቅሳለች?

የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት በመቀነቴ ቋጥሬያለሁ። ጎረቤታችን አያ ደርሶ በቅሏቸውን እየነዱ ከፊት ይሄዳሉ። ገነተ ማርያም ስንደርስ ደጇን ተሳለምን። ጥላ ሥር የገብስ ቂጣ በተልባ በላን። ኩልመስክ የገባነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ሰውነቴ ዝሎ ነበር፤ ሆኖም ያ የገብስ ማሳ ሽታ እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

ማክሰኞ፣ ከኩልመስክ ወልድያ

አያ ደርሶ ከበቅሏቸው ጋር ኩልመስክ ሊጠብቁኝ ቀሩ። እኔ እህል በጫነች ኤንትሬ መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀመጥኩ። መንገዱ ድንጋይና አቧራ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል፦

«እትዬ፣ አለሽ?»

«አለሁ!»

«ጸሎትሽን እንዳታቋርጪ፤ ፍሬኑ እሱ ነው!»

በየኬላው ወረቀቴ ይታያል። ወልድያ ሲመሽ ደረስን፤ የባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ አደርኩ።

ረቡዕ፣ ወልድያ

የመድኃኒት መጋዘኑ ጠባቂ አቶ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የቀበሌውን ደብዳቤ ሁለቴ አንብበው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ የለም። ይሄ መድኃኒት ከባሕር የሚመጣው በባቡር ነበር። በጦርነቱ ሐዲዱ ተቆርጦ ባቡሩ ቆመ። በመኪና ሲመጣ ደግሞ የጦሩ ስንቅ ይቀድማል።»

ላሊበላ ሆኜ ባቡር አይቼ አላውቅም። ያላየሁት ባቡር ቆሞ የእኔ ቦኖ መድኃኒት ማጣቱ ገረመኝ።

«አባቴ፣ ገና ዓርብ ማታ ይገባል። ሕዝቡ ውሃው ጣፈጠ እያለ ይጠጣል» አልኳቸው። የልጄንም ነገር ነገርኳቸው።

ተነሥተው ጥግ ላይ የነበረ በርሜል ከፍተው ወደ ውስጥ አዩ። ለከተማው ውሃ የተቀመጠው የመጨረሻው ነው።

«ወላሂ፣ ይሄ ለኛም ጥቂት ቀን ነው። ግን የኛ ሰው ተራርቆ ነው የሚኖር። የናንተ በአንድ ጋራ ላይ ታጭቋል።» በጣሳ እየጨለፉ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሞሉልኝ። «አየር እንዳይነካው፣ ኃይሉ ይሞታል። እርጥበትም እንዳታስነኪው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ስትደርሺ ለኔም ለምኝልኝ፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

ያችው ኤንትሬ ለመመለስ ቆማ አገኘኋት። ቆርቆሮውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጋቢና ገባሁ። ብዙም ሳንርቅ ሾፌሩ አፍንጫውን ያዘ።

«እትዬ፣ ሆስፒታል ነው እንዴ ያሳፈርኩት?»

«መስኮቱን ክፈተው።»

«ከፍቼዋለሁ! አንቺን ነው የምከፍት?»

እስከ ኩልመስክ ሳቅን። የዛሬ መኪና ፈጣን ነው፤ እንደዚያ የሚያስቅ ሾፌር ግን ከዚያ ወዲህ አላጋጠመኝም።

ሐሙስ፣ ገነተ ማርያም

ከአያ ደርሶ ጋር መንገዱን ከምእመናን ጋር ተጋፍተን መጣን። ነጭ ለባሹ ሸንተረሩን ሞልቶታል። ገነተ ማርያም አደርን። ቆርቆሮውን ተንተርሼ ተኛሁ።

ዓርብ፣ የገና ገሃድ፣ ላሊበላ

እኩለ ቀን ላይ ደረስን። ዛሬ ሌሊት የምቆርብ ነኝና ከነጋ ውሃ አልቀመስኩም። የመድኃኒቱን ዱቄት በባልዲ በጥብጬ የቦኖው ታንከር ውስጥ ጨመርኩ። የሚገባውን ያህል ጠብቄ ቦኖውን ከፈትኩ። ሽታው ተመለሰ።

ለማታ የሚሆን ውሃ ሊቀዱ የተሰለፉ እንግዶች ተንጫጩ። አንዲት ከሩቅ የመጡ እናት ቅላቸውን ገለበጡ።

«ምን ጨመርሽበት? ይሄ የቅዱስ አገር ውሃ ነው!»

«መድኃኒት ነው እማማ፤ በሽታ እንዳይዛችሁ።»

«የማላውቀውን አልጠጣም። ወንዝ እወርዳለሁ።»

ሌሎቹም ቅላቸውን እያነሡ ተከተሏቸው። ወንዙን ደግሞ የሰውም የከብትም እግር አደፍርሶታል። በቦኖ ጠባቂነቴ ሁሌ ጠዋት መጀመሪያ የምጠጣው እኔ ነበርኩ፤ ሰው አይቶኝ ይቀዳል። ልማዳችን ነው። ዛሬ ግን ገሃድ ነው። ስለቴም አለ።

«ይቆዩ እማማ» አልኩ። ጣሳውን ሞላሁ።

«በገሃድ?» አሉ፣ ዓይናቸው ፈጦ።

«አዎ፣ በገሃድ።»

ጨለጥኩት። እማማ ተመልሰው ቅላቸውን ከቧንቧው ሥር አስጠጉ። ሰልፉም ተመለሰ።

የነፍስ አባቴ ከቦኖው ግቢ በር ላይ ቆመው አይተውኛል።

«አባ፣ ስለቴን አፈረስኩ» አልኳቸው።

«ለምን እንደጠጣሽ አይቻለሁ። ልጅሽ ትቁረብ። የአንቺን ሌላ ቀን እናደርሰዋለን፤ እግዚአብሔር ይቸኩላል ያለሽ ማነው?»

ቅዳሜ ጠዋት ትንሿ ልጄ ቆርባ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና መጣች። እኔ ቦኖው ጋ ነበርኩ። ለአቶ ሰይድ ጉልበት ለምኜላቸዋለሁ። በእኔም ፈንታ እርሷ ስለቆረበችልኝ አመሰገንኩ። ቁርሷን በልታ ውሃ ጠየቀችኝ። ቀዳሁላት። አንዴ ጎንጨት ብላ ፊቷን አጨማደደች።

«እማ፣ ይሸታል።»

«ተመስገን» አልኳት፤ «ጠጪ።»