የደፋሁት ጠላ

እኔ ወልድያ ከተማ ያደግኩ ሰው ነኝ። መጠጥ ማለት ለእኔ ቀዝቃዛ ቢራ ነበር፤ ጠላ ከሆነም ለበዓል የተጠመቀ፣ ገና ጣፋጭነቱ ያልለቀቀው። ከዚያ ያለፈ ጠላ ከቀረበልኝ «ኮምጣጤ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። አፌ ደግሞ አያርፍም፤ ሰው ቤት በእንግድነት ተቀምጬ እንኳ «ኧረ ይሄስ ሆድ ይቆርጣል!» እላለሁ። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት ከመርሳ ወጣ ብሎ ላለ ገበሬ ቤተሰብ የተዳረችው።

አማቴ በጠላ የታወቁ ናቸው። ሀብሩ ውስጥ ሰርግ የሚደግስ ሁሉ «እርስዎ ካልጠነሰሱልን» እያለ ደጃቸውን ይጠናል። ንግግር አያበዙም፤ ሲቆጡም ሲደሰቱም ፊታቸው ያው ነው። ከመጣሁ ገና ሦስት ወሬ ስለነበር ይውደዱኝ ይጥሉኝ አላውቅም። ብቻ አንድ የሚያስደስታቸው ነገር ለመሥራት ቋምጬ ነበር።

ኅዳር ላይ ማሽላው ደረሰና ለቆረጣው ደቦ ተጠራ። በዋዜማው ባለቤቴ ማሳ ዋለ፤ አማቴ ጨውና በርበሬ ሊገዙ መርሳ ገበያ ወረዱ። እኔ ጓዳውን ሳጸዳ ጋኑን ከፈትኩት። ሽታው አፍንጫዬን በጥፊ አለኝ! ላዩ ነጭ ነገር ለብሷል። በጣቴ ብቀምሰው ጥርሴን አጠረሰኝ። «አበስኩ ገበርኩ! ይሄንን ነው ነገ ለሰው የሚያቀርቡት?» አልኩ። እርጅና አዘናግቷቸው ነው ብዬ አዘንኩላቸው። ከዚያ እየቀዳሁ አጥር ሥር ደፋሁት፤ ጋኑንም በግራዋ ቅጠል አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ምርቃት ብቻ ነበር የምጠብቀው።

አማቴ ሲመለሱ መጀመሪያ ጋኑን፣ ቀጥለው አጥሩን አዩ።

«ልጄ፣ ጠላውስ?»

«ተበላሽቶ ነበር እማማ፤ ደፋሁት።»

ዘንቢላቸውን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው አስረዱኝ። ለማሽላ ቆራጭ ጣፋጭ ጠላ አይሰጥም፤ ፀሐይ ላይ አናት ያዞራል፣ ጥምም አይቆርጥም። ቀድመው ጠንስሰው፣ ውኃውን አብዝተው፣ ሆን ብለው ነው እስኪኮመጥጥ የጠበቁት። እሳቸው ስንት ቀን የጠበቁትን እኔ በግማሽ ሰዓት ለአጥር አጠጣሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው ጎረቤት ሄዱ። ጎረቤታችን ሙስሊም ናት። ከደቦተኛው ግማሹ ሙስሊም ስለሆነ ለእነሱ የማያሰክረውን የገብስ ቃሪቦ አዘጋጅታ ነበር። «አብሽሩ፣ ለሁሉም ይብቃቃል ኢንሻአላህ» ብላ ያላትን ሁሉ አመጣች።

በማግስቱ ሁሉም ከቃሪቦው ጠጣ። የደቦው አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ግን ዙሪያውን ቃኙና «ጠላው የት አለ?» አሉ።

«ተበላሸብኝ፤ ደፋሁት» አሉ አማቴ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላሉም።

«አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ ከዳሽ እንዴ?» አሉ ሽማግሌው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ፣ አፏ የማያርፈው ሴትዮ፣ ያን ቀን ምላሴን ዋጥኩ።

ቀልዱ ማሳው ላይ አልቀረም። ውርጌሳ በኩል ሰርግ ደርሶ ነበርና ባለሰርጎቹ ጥንስሱን ለሌላ ሴት ሰጡ። አማቴ እንደማንኛውም እንግዳ ዳር ተቀምጠው የሌላ ሰው ጠላ ጠጡ፤ «እጅሽ ይባረክ» ብለውም መረቁ። አጠገባቸው ስለነበርኩ እንባዬ ሊያመልጠኝ ሲል ተነሥቼ ወጣሁ። ያኔም አልተናገርኩም። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቤት ውስጥ ግን ትምህርት ተጀመረ። አማቴ በጠመቁ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በጣሳ ጠብ አድርገው «ቅመሺ» ይሉኛል። መጀመሪያ ብቅሉ ይጣፍጣል፤ ቆይቶ ጌሾው ይመራል፤ በኋላ ያ የምጠላው ኮምጣጣ ብቅ ይላል። ፊቴን ሳጨማድድ ዝም ብለው ያዩኛል። ወራት እንዲህ አለፉ። ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ማሽላ ስኮተኩት ውዬ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ገባሁና የሰጡኝን በአንድ ትንፋሽ ጨለጥኩት። ኮምጣጣው ምላሴን ቆንጠጥ አድርጎ ሲወርድ ድካሜን ይዞት ሄደ። «ይድገሙኝ» አልኳቸው። ያን ቀን ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤያለሁ። ጣፋጭ ነገር አስተማሪ አይፈልግም፤ ሕፃንም ያውቀዋል። ኮምጣጣውን ግን ሰው ካላስለመደህ፣ አጠገብህ ተቀምጦ ካልታገሠህ፣ ብቻህን አትደርስበትም። እኔን የታገሡኝ ደግሞ የበደልኳቸው ሴት ናቸው። ጠላው እየጣመኝ ሲሄድ ዝምታዬ መረረኝ።

በዓመቱ ደቦው ተመለሰ። ጠላው ልክ እንደሚፈለገው ኮምጥጧል። ሽማግሌው ጠጡና «ተመስገን፣ እጅሽ ተመለሰ!» አሉ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

«የእሳቸው እጅ የትም አልሄደም! አምና የደፋሁት እኔ ነኝ። ደህናውን ጠላ ተበላሸ ብዬ ደፋሁት።»

ሽማግሌው ጢማቸውን ጠረግ አደረጉ።

«እናውቃለን እኮ ልጄ። አጥሩ ሥር ያለው አፈር ጠላ ጠላ ይሸት ነበር። ደህና ጠላ እንደሆነማ ሽታው አይጠፋንም፤ ደህናውን የምትደፋ ደግሞ እሷ አይደለችም።»

ንድድ አልኩ። «ታዲያ ዓመት ሙሉ ለምን ቀለዱባቸው?»

«እሷ ተበላሸብኝ ካለች ማን ደፍሮ ዋሸሽ ይበላት? ልትሸፍንሽ ፈለገች፤ እኛም አብረን ሸፈንን።»

ደቦው ተበትኖ ጣሳ ስናጥብ «እማማ፣ ስምዎን ያህል ነገር ለምን ለእኔ ብለው አጡ?» አልኳቸው።

«ስም በሚቀጥለው ጥንስስ ይመለሳል» አሉ፣ ከጣሳው ቀና ሳይሉ። «አንቺ ግን ያን ቀን በሰው ፊት ብታፍሪ ሄደሽ አትመለሺም ነበር። አልጋሽ ሥር የታጨቀውን ሻንጣሽን አይቼው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። ጠላውን የደፋሁ ዕለት፣ እሳቸው ጎረቤት ሲሄዱ፣ ልብሴን በሙሉ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ ደቦው እንዳለቀ ወደ ወልድያ ልመለስ። ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም፤ ማንም ያወቀብኝ አልመሰለኝም ነበር።