ለአማች የተሠራ ኮፍያና ጓንት

ባሂራ ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ጭንቅላቱን ነው። ፊቱን አይደለም፣ ጭንቅላቱን፤ ክብ ይሁን ሞላላ፣ ጆሮው የተለጠፈ ይሁን የተዘረጋ፣ ማጅራቱ ሰፊ ይሁን ጠባብ። ቡታጅራ ውስጥ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ ካለችው ሱቋ በረንዳ ላይ ተቀምጣ በኪሮሽ የክር ኮፍያ ትሠራለች። ሜትር የሚባል ነገር ግን በእጇ አይታይም። ደንበኛው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እሷ ልኩን ጨርሳለች። «አትለኪኝም ወይ?» ካላት፣ «ለክቼሃለሁ፤ ሐሙስ ና» ትለዋለች። ሐሙስ ሲመጣ ኮፍያው ልክክ ይላል። ባሂራን ይህ አይገርማትም፤ የሚገርማት የሰዎቹ መገረም ነው።

በራሷ የምትተማመን ሴት ናት። አንዳንዱ ኩራት ይለዋል፤ ኩራት ቢሆንስ? ባሏ የሞተ ጊዜ ዘመዶቹ «አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኛ አለንልሽ» አሏት። እሷ ግን የሱፍ ክር ገዝታ በረንዳዋ ላይ ወጣች። አንድ ልጇን ሰልሚያን ያሳደገችውም፣ ያስተማረችውም፣ ወግ ማዕረግ ያሳየቻትም በዚያች ኪሮሽ ነው። ይህን ያደረገ ሰው አንገቱን ትንሽ ቀና ቢያደርግ ማንም ምንም ሊለው አይገባም።

ታዲያ የከተማውን ጭንቅላት ሁሉ በዓይኗ የለካችው ይቺ ሴት ልኩን የማታውቀው አንድ ራስ ነበር፤ የገዛ ልጇ ባል የራምዚ ራስ።

ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የወጉ ነው። በእነ ባሂራ ወገን አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም። አንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ መንገድ ላይ ድንገት ቢገጣጠሙ አንዳቸው ዞር ይላል። ነገሩ የመከባበር እንጂ የጠብ አይደለም። አሁን አሁን የከተማው ልጅ አማቱን አቅፎ ፎቶ ይነሳል፤ ባሂራ ግን በዚህ አትደራደርም። ሰልሚያ የሠርጓን ፎቶ በስልኳ ስታሳያት እንኳ የሙሽራውን ፊት በአውራ ጣቷ ሸፍና ነው ያየችው። «ልብሱ ያምራል» አለች፤ በቃ።

ራምዚ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ከሰልሚያ ጋር ጉብሬ ይኖራል፤ ተራራውን እያቋረጠ ከጉብሬ ቡታጅራ ይመላለሳል። ዘንድሮ ብርዱ ሲጀምር ሰልሚያ ደወለችና፣ «እማ፣ የመኪናው መስኮት አልዘጋ ብሎ ተራራው ላይ በብርድ አለቀልሽ። አንድ ኮፍያ ሥሪለት፣ ጓንትም ጨምሪለት። ጣቶቹ ግን ውጭ ይሁኑ፤ መሪውን በባዶ ጣቱ ካልያዘ መኪናው የሚለው አይሰማውም» አለቻት።

ባሂራ ደስ አላት። ጥቁር ግራጫ ክር መረጠች፤ የኮፍያው ጠርዝና የጓንቱ አንጓ ላይ ሁለት ሁለት ረድፍ ቢጫ ታደርግበታለች፤ ሰው ሲያያቸው ከአንድ ቤት እንደወጡ ያውቃል። ልኩንስ? ለእሱም መላ አላጣችም። የራምዚ ታናሽ ወንድም ዑመይር እዚያው ቡታጅራ ጎማ ይጠግናል። ዑመይርን ማየት ደግሞ ማንም አልከለከላትም። «ከአንድ ማህፀን የወጣ ራስ ቢለያይ ምን ያህል ሊለያይ ነው?» አለችና በጎሚስታው በኩል አልፋ፣ በዓይኗ ለክታው መጣች። ከአናቱ ጀምራ ዙር በዙር አሰፋች፣ ወደ ጆሮው አወረደች፣ ጓንቱንም ለአውራ ጣት መውጫ ትታ ጨረሰችና ላከች።

ሰልሚያ፣ ራምዚ ለብሶት የተነሳውን ፎቶ ላከችላት። ባሂራ አውራ ጣቷን አስቀድማ አየችው። ኮፍያው አናቱ ላይ ቁጢጥ ብሏል። ሁለቱ ጆሮዎች ውጭ ናቸው። ጓንቱም መዳፉ ግማሽ ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ ቆሟል።

«ኮፍያውስ ልክ ነው፤ ራሱ ነው የተረፈው» ብላ ስልኩን ዘጋች። ጎረቤቷ ከድጄ ይህን ሰምታ ስንት ቀን ሳቀችባት።

ባሂራን እንቅልፍ የነሳት ግን ኮፍያው አልነበረም። ሰልሚያ እርጉዝ ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚወለደው። ባሂራ ይህን አንድም ቀን ተጠራጥራው አታውቅም። ክፍሉን ቀለም አስቀብታ፣ ቅቤውን አስቀምጣ፣ ለሚወለደውም ማንንም ሳትለካ ኮፍያ ሠርታ ጠበቀች። ሰልሚያ ግን በደወለች ቁጥር የምትለው አንድ ነው፤ «ራምዚ አልፈቀደልኝም።» ባሂራ የባሏን ወንድም ሸምሶን በሽምግልና ላከችው። ሸምሶ ሄዶ፣ ምሳውን በልቶ፣ መርቆ ተመለሰ።

«አሁን አይሆንም አለ» አላት። «ግን እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰለሽ!»

ጨዋነቱን ምን ታድርገው? ሄዳ አንገቱን ይዛ «ልጄን ስጠኝ» እንዳትለው ወጉ አለ። ፊቱን የማታውቀውን ሰው መቀየም ደግሞ እንዴት ያለ ነገር ነው፤ በሐሳቧ ስትሰድበው እንኳ የሚታያት ያ አውራ ጣቷ ነበር። ልጇ በሰው አገር፣ በሰው እጅ ልትወልድ ነው። ከዚህ የባሰ ነገር አልታያትም።

የአረፋ ዋዜማ ደረሰ፤ የሴቶች አረፋ የሚሉት ቀን። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በሚገባው መኪና ተጨናንቃለች። እቤቱ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ባሂራ ከድጄን ይዛ ስትሠራ አረፈደች፤ ዓይኗ ግን ከመንገዱ አልተነቀለም። ሌላው ቢቀር ለአረፋ ያመጣታል ብላለች።

ራምዚ መጣ። ብቻውን መጣ። በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆመና፣ «አሰላሙ ዐለይኩም» አለ።

ባሂራ ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። «ወዓለይኩም ሰላም በይው» አለቻት ከድጄን። «ሰልሚያስ? በይው።»

«ሰልሚያስ?» አለች ከድጄ፣ እሱ እዚያው ቆሞ የሰማውን ቃል መድገሙ ሳቋን እያመጣባት።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። መምጣት አልቻለችም። ኮፍያውንና ጓንቱን ያስተካክሉልህ ብላ ነው የላከችኝ። ከሰዓት እመለሳለሁ።»

የባሂራ ደም ፈላ። ልጇን አስቀርቶ ኮፍያ አንጠልጥሎ የሚመጣ ሰው! «ኮፍያው ልክ ነው በይው» አለች በጥርሷ።

«ወላሂ ልክ አይደለም!» አለች ከድጄ። «ጆሮ ማለት ይሄ ነው እንዴ፣ አላህ ያሳድገው! ለምን ራሱ ላይ አድርገሽ አትሠሪለትም? ጀርባውን ሰጥቶሽ ይቀመጥ። ጀርባ እንደሆነ ፊት የለውም።»

ባሂራ አሰበችው። እውነት ነው፣ ወጉ ስለ ፊት እንጂ ስለ ማጅራት ያለው ነገር የለም። ደግሞ ያ ቁጢጥ ያለ ኮፍያ የሷ እጅ ሥራ ነው ተብሎ በጉብሬና በቡታጅራ መካከል መዞሩ ተናድዳም ቢሆን አያስችላትም። ራምዚ ደጃፉ ላይ ዱካ ተሰጠው። ወደ መንገዱ ዞሮ ተቀመጠ፤ ባሂራ ከኋላው ከውስጥ በኩል ተቀመጠች። ኮፍያውን ከቢጫው ጠርዝ ጀምራ እስከ አናቱ መዳረሻ ተረተረችና ኪሮሿን አነሳች።

እንዴት ያለ ራስ ነው! ሰፊ፣ ወደ ኋላ ተረፍ ያለ፤ ዑመይር ከዚህ ራስ ግማሹንም አልወረሰ። ተናድዳ እንኳ ሳለ እጇ በሥራው ደስ አለው። «ቀና ይበል በይው» ትላለች፤ ከድጄ «ቀና በል» ትላለች፤ ራምዚም ልክ ከከድጄ እንደሰማ ሁሉ ያኔ ቀና ይላል። እንዲህ እያሉ ኮፍያው ወደ ጆሮው መውረድ ጀመረ። ጆሮው ጋ ሲደርስ ከድጄ አየሩን አሸተተችና፣ «ያ ረቢ፣ ቆጮዬ አረረ!» ብላ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ቀና ማለት ሲያስፈልግ ባሂራ በኪሮሿ ጀርባ ትከሻውን መታ ታደርገዋለች፤ እሱም ቀና ይላል። መኪናው ያልፋል፣ ሰዉ ያልፋል፣ የክሩ ኳስ መሬቱ ላይ ይንከባለላል። ባሂራ አፏን ልትይዝ ሞከረች። አልቻለችም። እሱን ማናገር አይሆንም፤ ኮፍያውን ማናገር ግን ማን ከለከላት?

«አንተ ኮፍያ» አለች፣ ክሩን እየሳበች። «ይሄ የተሸከመህ ሰው ልጄን የሚከለክለኝ ምን በድዬው ነው?»

ጓንቶቹ የራምዚ ጭን ላይ ነበሩ። አንዱን አንስቶ ሲያገላብጠው ከቆየ በኋላ፣ «አንተ ጓንት» አለ ቀስ ብሎ፣ «እናቷን ንገርልኝ። እኔ አልከለከልኩም። የደም ግፊቷ ከፍ ብሏል። አታት ሆስፒታል ያያት ሐኪም መንገድ እንዳትሄድ፣ ተኝታ እንድትቆይ፣ ከሆስፒታሉም እንዳትርቅ አዟታል። ‹እማ ይህን ከሰማች ምግብም አትበላ› አለችኝ። ‹እንግዲያው በእኔ አሳብቢ› አልኳት። ‹እኔን እንደሆነ አያዩኝም፤ ቢቀየሙኝም ግድ የለም› አልኳት።»

የባሂራ እጅ ቆመ። መጀመሪያ የያዛት ፍርሃት ነው፤ ስለ ልጇ። ከዚያ እፍረቱ መጣ። በየቀኑ ጠዋት ማታ ስትረግመው የከረመችው ሰው፣ እሷ በሐሳብ እንቅልፍ እንዳታጣ ብሎ እርግማኗን ወዶ የተቀበለ ሰው ነው። ወጉ፣ ግድግዳው፣ ሻሹ ከሐሳቧ ጠፉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ለኮፍያው አልነበረም። ራምዚም ገባውና ዞረ። ኪሮሿ ከነክሩ ጆሮው ላይ ተንጠልጥላ ቀረች።

ባሂራ ዓይኗን አላሸሸችም። ፊቱን አየችው፤ ገና ልጅ ነው። ዓይኑ እንቅልፍ ባጣ ሰው ዓይን ቀልቷል። ከንፈሩ ከብርዱ የተነሳ ተሰነጣጥቋል። እሱ አንገቱን ሊደፋ ሲል አገጩን ያዘችው።

«ማን አለ አጠገቧ?»

«እናቴ አሉ። ዛሬ ጠዋትም ተለክታ ነበር፤ አልጨመረም። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ነው።»

«ከሰዓት ነው የምትመለሰው?»

«አዎ።»

«አሁን ነው» አለች ባሂራ፣ እየተነሳች።

ከድጄ ያረረውን ጥላ ስትመለስ ሁለቱን ፊት ለፊት አገኘቻቸው። «አንቺ! አየሽው እኮ!»

«አየሁት፤ አለፈ» አለቻት ባሂራ። ልብሷንና ክሯን በአንድ ፌስታል ውስጥ እየጨመረች ነበር። «ጉብሬ እሄዳለሁ። እስክትወልድ እዚያው ነኝ።»

«ለአረፋ? ዘመዱ ሁሉ እየገባ? እንግዶቹንስ ማን ያስተናግዳል?»

«ሸምሶ ያስተናግድ፤ ምሳ ላይ እንደሆነ አይታማም። ደግሞ አማት አማቿ ቤት ገብታ ተቀመጠች ብለው ያውሩ። አውርተው ሲደክማቸው ይተዋሉ። ልጄን ግን እኔ ነኝ የማዋልዳት፤ እናት ቤት ካልመጣች እናት ትሄዳለች።»

የሚኒባሱን የፊት በር ከፍታ ሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች። ራምዚ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ወንበሮቹ አየ፤ ባዶ ናቸው። ምንም ሳይል ሞተሩን አስነሳ። በዚያ ቀን መኪና ሁሉ ሰው ጭኖ ወደ ቡታጅራ ይገባል፤ የእነሱ ብቻ ባዶውን ይወጣል።

ተራራው ላይ ጉም ጠበቃቸው። ባልተዘጋው መስኮት የሚገባው ንፋስ የክሩን ጫፍ ያወዛውዛል። ኮፍያው ግን አልቆ፣ ሁለቱንም ጆሮ ሸፍኖ፣ ቢጫው ጠርዝ ከቅንድቡ በላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ግራ እጁ ላይ ያለው ጓንት አልቋል፤ የቀኙን ባሂራ ጭኗ ላይ አድርጋ ትሠራለች። ማርሽ ሲቀይር እጁን ቆም ያደርግላታል፤ እሷም ልትለካው ቀና ስትል ፊቱን ታያለች፤ መልሳ ወደ ሥራዋ ትገባለች።

ጉሙ ሳሳ ባለበት ስልኳ ጮኸ። ሰልሚያ ናት።

«እማ፣ ራምዚ ወጣ? ስልኩን አያነሳም። ደግሞ ምንድነው የሚሰማኝ፣ መኪና ውስጥ ነሽ እንዴ?»

«ወደ አንቺ እየመጣሁ ነው።»

«እንዴ! ለምን?»

«ተኚ አንቺ። እንዳትነሺ። ግፊትሽን ሰምቻለሁ።»

ሰልሚያ ማልቀስ ጀመረች። «እንዳይነግርሽ አስምዬው ነበር እኮ» አለች፤ ወዲያው ደግሞ ጥርጣሬ ገባት፤ ባሏና እናቷ ቃል እንደማይለዋወጡ ታውቃለች። «ከድጄ ናት? ማን ነገረሽ?»

ባሂራ ወደ ጎን ዞራ አየችው። በአንድ ጓንት መሪውን ይዞ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ይነዳል።

«ልጄ ነው የነገረኝ» አለቻት።