«አርፏል» ብዬ ለእናቴ ያነበብኩት ደብዳቤ

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጌታ ለእኔና ለእናቴ ያደረገውን ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ሁለት እሁድ ልመሰክር ተነስቼ ፈርቼ መልሼ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ካልደረሳችሁ ታገሡኝ።

ስሜ ዘነበች ነው፤ የተወለድኩት እዚሁ ከቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ ነው። አባቴ ሕፃን ሳለሁ ስለሞተ ያሳደጉኝ እናቴና ታላቅ ወንድሜ አስራት ናቸው። አስራት ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ይሰቅል ነበር። ማር ቆርጦ ሲወርድ ንብ የነደፈውን ፊቱን አቅርቦ «እስቲ እዩኝ፣ አሁን ማን ያገባኛል?» ይለን ነበር። እናቴ ሳትወድ ትስቃለች። እግዚአብሔርን እኛ ቤት የምናውቀው በመሐላ ጊዜ ብቻ ነበር።

እኔ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ አስራት ማር ሊሸጥ ቦንጋ ገበያ እንደወጣ ለውትድርና ተወሰደ። በደርግ ዘመን፣ በሰሜን ጦርነት ጊዜ ነበር። የት እንዳለ የሚነግረን ሰው አላገኘንም። ሁለት ዓመት ቆይቶ መንግሥት ተለወጠ፤ ወታደሩም ተበተነ። በየመንደሩ የከሱ ሰዎች በእግራቸው መግባት ጀመሩ። እናቴ መንገድ ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ከሺሺንዳ ደብዳቤ አመጣልን። የጻፈው ከአስራት ጋር የዘመተ፣ እግሩ ቆስሎ ወደ አገሩ የተመለሰ ታምሩ የሚባል ወታደር ነው። እናቴ ከገበያ አማርኛ በቀር አማርኛ አትሰማም። እኔ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ከቤታችን ፊደል የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ። «አንብቢልኝ» አለችኝ። ደብዳቤው አጭር ነበር። «አስራት ቆስሎ ብዙ ተሰቃየ። ከዚያ በኋላ ግን አርፏል። ያረፈበትን ቦታ እኔ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላል።

ወንድሞችና እህቶች፣ እኔ ማረፍ የማውቀው ሰው ከሥራ ሲመለስ የሚያደርገውን ነው። መምህራችንም በደወል ሰዓት «አሁን እረፉ» ይሉን ነበር። ለሞተ ሰው በእኛ ቋንቋ በካፊኖኖ ሌላ ቃል አለ። ስለዚህ ለእናቴ በቋንቋችን፣ «ቆስሎ ነበር፣ አሁን ግን ድካሙ ወጥቶለት ተቀምጧል። ጓደኛው ቦታውን ያውቀዋል። እግዚአብሔር ያበርታችሁ ብሏል» አልኳት። እናቴ መሬቱን ሳመች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ «ልጄ አለ። ዘነበች አንብባልኛለች» ትል ነበር። ልጃቸው የሞተባቸው ጎረቤቶች ለቅሶ ሲቀመጡ ትሄድና የእኔን ንባብ ታወራለች። አዋቂ ቤትም በግ ወስዳ ነበር። አዋቂው «በመንገድ ላይ ነው» ብሎ ላካት። ማር በተቆረጠ ቁጥር የአስራትን ድርሻ በቅል ታስቀምጥ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ነበረኝ።

ስድስተኛ ክፍልን ስጨርስ ቦንጋ መጥቼ እትዬ በላይነሽ ቤት በሥራ ተቀጠርኩ። እዚህ የምታውቋቸው ናቸው። እሳቸው ናቸው ወደዚህ ወደ ጌታ ቤት ያመጡኝ፣ ጌታ ይባርካቸው። እኔ ግን የምመጣው መዝሙሩን ወድጄ ነበር። አንድ እሁድ መሪው ቆመው፣ «ወንድማችን ትናንት ማታ በጌታ አርፏል፤ ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ወደ እትዬ በላይነሽ ጠጋ ብዬ፣ «ካረፈ ለምን ይቀብሩታል?» አልኳቸው።

እሳቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ሞተ ማለት እኮ ነው። ተኝቷል መሰለሽ?»

እኔ አልሳቅኩም፤ የታምሩ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ቤት ገብቼ ድንቹን ሳልልጥ ድስት ውስጥ ጨመርኩት።

በሳምንቱ እትዬን አስፈቅጄ በአውቶቡስ ሺሺንዳ ሄድኩ። ታምሩን እየጠየቅኩ አገኘሁት። ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ በሰው ሱቅ በር ላይ ተቀምጦ ነበር። የአስራት እህት ነኝ ስለው ለመነሳት ሞከረና ተወው።

«ለቅሶ ስላልደረስኩ ይቅር በሉኝ» አለኝ። «እግሬ እንዲህ ሆኖብኝ ነው።»

«ለቅሶ አልተቀመጥንም» አልኩት።

«እንዴት? ጽፌላችሁ አልነበር?»

ያነበብኩትን ነገርኩት።  ከዚያ አስራትን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ ጉድጓድ ውስጥ እንደቀበሩት ነገረኝ። «ድንጋይ ከምረንበታል። ስጽፍላችሁ ቦታውን የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ አሁን ብሄድም ላገኘው አልችልም።» ማንኪራ መጥቶ ለእናቴ እንዲነግራት ለመንኩት። «እህቴ፣ እኔ ያን ደብዳቤ የጻፍኩት ሦስት ቀን ፈጅቶብኝ ነው። ሁለተኛ አልችልም» አለኝ።

ተመለስኩ። ለእናቴ ግን አልነገርኳትም። ቅዳሜ ገበያ ስትመጣ «ከጓደኛው ሌላ ደብዳቤ አልመጣም?» ትለኛለች። እኔ «አልመጣም» እላታለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ውሸት ነው። ከዚያ የበላሁት ሁሉ ያስመልሰኝ ጀመር። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ሆዴን ተጭኖ ተጭኖ፣ «ትልም የለም፣ ጨጓራም አይደለም። የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» አለኝ። «ምንም የለም» አልኩት። ቀሚሴ ከላዬ እስኪወርድ ድረስ ከሳሁ።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በእህቶች ጸሎት ላይ ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ መጥተው ነበር። ስለ ሆዴ እንዲጸልዩልኝ ጠየቅኳቸው። እጃቸውን ሲጭኑብኝ ግን ነገሩን ሁሉ አወጣሁት። መጨረሻ ላይም፣ «ጌታ ለእናቴ በሕልም ይንገራት ብለው ይጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«ለአንቺስ አፍ የሰጠሽ ለምንድን ነው?» አሉኝ። ቀስ ብለው ነው ያሉኝ። ከዚያ፣ «ጌታ ያልሠራሽውን እንድትሸከሚ አይጠይቅሽም። ቃሉን አለማወቅሽ ኃጢአት አይደለም። ካወቅሽ በኋላ ዝም ያልሽውን ግን ለእሱ ስጪው፣ ይቅር ይልሻል። ማንኪራ አብሬሽ እሄዳለሁ» አሉኝ። ያን ዕለት ጌታን የሕይወቴ አዳኝ አድርጌ ተቀበልኩ። እፎይ አላልኩም፤ ፈራሁ እንጂ። ግን ፍርሃቴን የሚያውቅ አንድ ጌታ አገኘሁ። ስሙ ይባረክ።

ማንኪራ ስንደርስ እናቴ እንሰት ትፍቅ ነበር። አጠገቧ ተንበርክኬ በራሳችን ቋንቋ፣ ሌላ ትርጉም በሌለው ቃል፣ አስራት መሞቱን ነገርኳት።

መፋቂያውን አላስቀመጠችም። «በሕይወት አለ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ፣ እማ። ቃሉ አልገባኝም ነበር።»

«መቼ ገባሽ?»

«ስምንት ወር ሆነኝ።»

«ስምንት ወር» አለች። «ሦስት ዓመት ልጄ ሳይለቀስለት። የሰው ለቅሶ ላይ ሄጄ የእኔ አለ እያልኩ።» ከዚያ መፋቂያውን ጣለችና ወጥታ ጮኸች። መንደሩ ሁሉ መጣ። እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ስለጠፋ ጋሽ ታደሰ ውኃ ይቀዱ ነበር።

ለቅሶው እስኪያልቅ እናቴ አላናገረችኝም። እኔ አጥሩ ጋ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት ቆጮ በጎመን ሰጠችኝ። በላሁት፣ አላስመለሰኝም። በማግሥቱም አላስመለሰኝም። ጌታ ፈወሰኝ። ነገር ግን ወንድሜ ሞቶ፣ እናቴ ፊቷን አዙራብኝ ስለ ዳነ ሆዴ ለማን አወራለሁ? ለጌታ ብቻ ነገርኩት። ስሙ ይባረክ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሐዘናችን አላለቀም። አስራትን ለምን አላተረፍከውም ብዬ ጌታን ጠይቄዋለሁ፤ አሁንም እጠይቀዋለሁ። ቢሆንም ዛሬ ከእናቴ ፊት ስቆም የምደብቀው ነገር የለኝም። ይህን ያደረገልኝ እሱ ነው። ከእናንተም መካከል ለሚወደው ሰው መናገር ያልቻለውን ነገር የያዘ ካለ፣ ጌታን ይመነው። ቀድሞ ለእሱ ይንገረው። ጌታ አይደነግጥም፣ አያባርርምም።

ትናንት እናቴ ለገበያ ቦንጋ መጥታ ከእትዬ በላይነሽ ደጅ ቆመች። ከለቅሶው ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። «ያ ውኃ ሲቀዳ የነበረው ሽማግሌ ለአስራት ይጸልይለታል?» አለችኝ። አዎ ብላት ደስ ይላት ነበር። ግን፣ «እማ፣ እኛ ለሞተ ሰው አንጸልይም። በሕይወት ላሉት ነው የምንጸልየው» አልኳት።

የገበያ ቅርጫቷን አነሳች። የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ለእኔ ይጸልይ» አለች።

ስሟ ወለተ ነው። ዛሬ በር አጠገብ ከተቀመጡት አንዷ ናት። ጸልዩላት።