የሲሚንቶው ሰውዬ በሸርተቴ ላይ

ሐርጌሳ ከገባሁ ጀምሮ ሥራዬ ግንብ ነው። አጥር፣ ደረጃ፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ፣ የታዘዝኩትን እሠራለሁ። ሰው ግን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ይህን ያመጣብኝ 31 ሜይ በሚባለው ሰፈር ቤት የሚያሠራ ሰውዬ ነው። ድሬዳዋ ያደገ ነው፣ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። አውሮፓ ብዙ ዓመት ኖሮ ተመልሷል። ቤቱንም የሚሠራው እናቱን ጋአን ሊባህ ከሚባለው ሰፈር አምጥቶ አብሯት ሊኖር ነው።

አንድ ቀን በስልኩ ፎቶ አሳየኝ። መንገድ ዳር የቆመ የነሐስ ሰውዬ፣ እግሮቹ ላይ ረጃጅም ጣውላ የታሰረበት፣ በሁለት እጁ በትር የያዘ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«በረዶ ላይ እየተንሸራተተ ነዋ፣ አባባ። እዚያ አገር እንዲህ ያለ ሐውልት በየከተማው አለ። እኔም ተምሬዋለሁ። ስወድቅ ሕፃናት ሳይቀሩ ይስቁብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ከእነሱ እኩል ወረድኩ። እዚህ ብናገር ማን ያምነኛል? በሩ ጋ ያቁሙልኝ።»

እኔ የማውቀው በረዶ ማሳ የሚያወድመውን ነው። እሱ ላይ ወጥቶ መጫወት አልገባኝም፣ ቢሆንም ሠራሁት። ፌሮ አጥፌ አጥንቱን አቆምኩ፣ ሽቦ ጠመጠምኩበት፣ በሲሚንቶ ለሰንኩት። መጀመሪያ ቀጥ አድርጌ ነበር ያቆምኩት፤ ያዘነበለ ነገር ሠርቶ መሄድ ለግንበኛ ነውር ነው። «ኧረ ይጎንበስ!» ብሎ አስፈረሰኝ። ጉልበቱን አጥፌ ወደ ፊት አዘነበልኩት። ፊቱ ሲያልቅ ቁርጥ የቤቱን ባለቤት መሰለ።

እናትየው የመጡ ቀን ዕቃቸው ገባ፣ እሳቸው በር ላይ ቆሙ።

«አስተግፊሩላህ! ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሆዮ፣ እናቴ። በረዶ ላይ።»

«እግርህ ላይ ያለውስ?»

«ሸርተቴ።»

«እዚያ ድረስ የሄድከው ለዚህ ነው? ሥራ አልነበረህም?» አሉት። «እንዲህ ያለ ነገር የቆመበት ቤት መላእክት አይገቡም። እኔም አልገባም። ወይ ራሱን አንሱለት፣ ወይ ወደ ቤቴ መልሰኝ።»

«የገዛ አንገቴን ላስቆርጥ?»

«ያንተን ማን ነካው? የሲሚንቶውን ነው ያልኩት።»

ልጅየው እኔን አየኝ። የሠራሁትን ማፍረስ አልወድም። «ፊቱን በሻሽ ብንሸፍነውስ?» አልኳቸው።

«ከሻሹ ሥር አለ አይደል?» አሉኝ።

እኛም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሥዕል እንሰቅላለን እንጂ የተቀረጸ ሰው አናቆምም። እናቴ ብትሆን እሷም አትገባም ነበር። ፀሐዩ ከባድ ነው፤ ወንበር ቢወጣላቸውም አልቀመጥም አሉ።

«ሐውልቱ ያንተ ነው፣ አንተ እዘዝ» አልኩት።

«ይቁረጡት» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሲሚንቶውን በመዶሻ አራገፍኩ፣ አንገቱ ውስጥ ያለውን ፌሮ በብረት መጋዝ ቆረጥኩ። ጥሩ ፌሮ ስለነበር አለፋኝ። እናትየው እስክጨርስ ከውጭ ቆመው አዩኝ። ራሱን ፈረካክሼ ከፍርስራሹ ጋር ስደባልቀው «ቢስሚላህ» ብለው በቀኝ እግራቸው ገቡ። ሐውልቱ አጠገብ ሲደርሱ ቆም አሉና ልጃቸውን ጠሩት።

«በል አሁን ንገረኝ፤ እንዲህ ተጎንብሰህ እንዴት ነው የማትወድቀው?»

ትንሽ ኩርፊያ ነበረው። ቢሆንም መጣ፣ ግቢው መሃል ጉልበቱን አጠፈ፣ እጆቹን ወደ ኋላ ሰደደና አሳያቸው።