አንድ ጣት ቦታ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ቢመዘን ስንት ይወጣዋል? በወጣትነቴ በዚህ ጥያቄ ከመጻሕፍት ጋር ስሟገት ኖሬ፣ መልስ ቢጤ ያገኘሁት በጨርቃጨርቅ ፋብሪካ መሰላል ላይ ከተቀመጠ የጥገና ሠራተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራው ሥራ በደንብ ሲሠራ የማይታይ ነበር፤ እንፋሎት እንዳይወጣ፣ ዘይት እንዳይንጠባጠብ ማድረግ።

ባልደረቦቹ “ጋሽ ቀስ” ይሉታል። የቱቦ መገጣጠሚያ ቡሎን ሲያጠብቅ እንደ ሌሎቹ አንዱን ጥርቅም አድርጎ ወደሚቀጥለው አይሄድም። አንዱን ጥቂት፣ ከዚያ ፊት ለፊቱ ያለውን ጥቂት እያለ ሦስት ዙር ይዞራል። “ጋስኬት እንደ አማት ነው፤ ከሁሉም በኩል እኩል ካልያዝከው ባኮረፈበት በኩል ያፈስብሃል” ይላል፤ በሁለት ቱቦ አፎች መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ማለቱ ነው። አማቱ በሕይወት ሳሉ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር።

እኔ የፋብሪካው መሐንዲስ ነበርኩ። ከቦይለሩ ወደ ማቅለሚያ ክፍል የሚሄደው የእንፋሎት ቱቦ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል። ለዚህ ሲባል መሃሉ ላይ የተሸበሸበ ብረት ገብቶለታል፤ ሠራተኛው “አኮርዲዮን” ይለዋል። አኮርዲዮኑ በአዲስ ከተተካ ወዲህ አጠገቡ ያለው ጋስኬት በአንድ ዓመት ሦስት ጊዜ ተበጣጠሰ። በሦስተኛው የፈነዳው እንፋሎት ከሥሩ የቆመችን ሠራተኛ ትከሻ በአንድ ስንዝር ሳተ። የጋሽ ቀስ ልጅ ነበረች።

“ቦታ ቀይሪ፣ እኔ እለምንልሻለሁ” አላት።

“እኔ ብቀይር እዚህ የሚቆመው የማን ልጅ ነው አባዬ? ይልቅ ቱቦህን አደብ አስገዛልኝ።”

እኛ ወፍራም ጋስኬት እናምጣ፣ ቡሎኑን ይበልጥ እናጥብቅ ስንል፣ እሱ ቱቦው በቀዘቀዘበት እሑድ መጥቶ ከቱቦው ተነስቶ ቱቦውን ደግፎ እስከያዘው የማይነቃነቅ ማቀፊያ ብረት ድረስ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አሰመረ። ሰኞ እንፋሎቱ ሲለቀቅ መሰላል ላይ ወጥቶ ጠበቀ። ቱቦው ጋለ፤ መስመሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

“ኢንጂነር፣ እስቲ ይውጡ። ይኼ ቱቦ አንድ ጣት መርዘም ነበረበት። ማን ያዘው?”

ወጣሁ። አኮርዲዮኑን ዙሪያውን የያዙ ሦስት ዘንጎች አሉ። ዕቃው በጉዞ ላይ እንዳይጎዳ የታሰረባቸው ናቸው፤ ከተገጠመ በኋላ መፈታት ነበረባቸው። መፈታታቸው እንዳይረሳ ቢጫ ተቀብተው ነበር፤ ቀለም ቀቢው ከቱቦው ጋር አብሮ ግራጫ አለበሳቸው። “ለጥንካሬ ይቆዩ” ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

“አኮርዲዮኑን አስረን ዝፈን እያልነው ኖሯል” አለ። አልወቀሰኝም፤ የከበደኝም አለመውቀሱ ነው።

ቦይለሩ ጠፍቶ ቱቦው ሲበርድ ዘንጎቹን ፈታ። ጋስኬቱ የሚያርፍበትን ገጽ በሽቦ ብሩሽ ጠርጎ፣ በጨርቅ ወልውሎ፣ አዲሱን አስገባና ሦስት ዙሩን ዞረ። የፈረቃው ኃላፊ “ጋሼ፣ ዛሬ ያልቃል?” ቢለው፣ “እናንተ ስትቸኩሉ ሦስቴ አልቆ ነበር” አለው።

እንፋሎቱ በማግስቱ ጠዋት ተለቀቀ። ልጁን ራቅ በይ ቢላትም እምቢ ብላ ከሥሩ ቆማለች። የጠመኔው መስመር ቀስ በቀስ ለሁለት ተከፈለ፤ የቱቦው ሄደ፣ የማቀፊያው ቀረ። ልክ አንድ ጣት። ፉጨት የሚባል አልተሰማም። ጋሽ ቀስ ወርዶ በተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ።

“አባዬ፣ ባልዲው ቀለም አለበት እኮ።”

“ይኑርበት፣ ልቀመጥ።”

ሱሪው ሰማያዊ ሆኖ ቤቱ ገባ፤ ሚስቱ ስትቆጣው እሱ ሲስቅ አመሸ አሉ። እኔም ያን ቀን ደረቴ ቀለለኝ። በማጥበቅ የሰበርኩት ስንት እንደሆነ መቁጠር የጀመርኩት ግን ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሁሉም ብረት አልነበረም።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ቱቦው ጠብ አላደረገም። ጋሽ ቀስ ጡረታ ሊወጣ ወር ሲቀረው ቢሮዬ መጣ። “በዓመታዊው ጥገና ጊዜ ያንን መገጣጠሚያ አንዴ ይክፈቱልኝ። ጋስኬቱ እንዴት ሆኖ እንደተኛ በዓይኔ ልየው።” ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩ፤ “የማያፈስ ነገር ማን ይከፍታል?” አለኝ። ኋላ በሥራ አስኪያጁ ቦታ የተተካውም ያንኑ አለ። እውነቱን ለመናገር ቱቦው ቀዝቅዞ መፍቻው በእጄ የነበረበት ቀን ነበር። ልጅቷ ግን አሁንም ከሥሩ ትቆማለች፤ ደህና የያዘውን ነክቼ እንፋሎት እንዳልለቅባት ፈርቼ፣ እኔም አልከፈትኩለትም።