አሥራ ሁለተኛው ሥዕል

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ላፕቶፕዋን ይዛ ቤቴ መጣች። ውጭ አገር በግራፊክ ዲዛይን ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ልታመለክት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹ ከማመልከቻው ጋር የሥራዎቿን ስብስብ፣ ፖርትፎሊዮ የሚሉትን፣ ይጠይቃሉ። «አክስቴ፣ ከነዚህ ውስጥ አሥራ አምስት ብቻ ምረጪልኝ» አለችኝ። አንዱን ከሌላው እያበላለጥን ስንከራከር እኔም በወጣትነቴ እንዲህ ሥራ የሰበሰብኩበት ሳምንት ትዝ አለኝ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከተማችንንም አዋሳ ነበር የምንላት። አዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ተምሬ እንደጨረስኩ እዚህ ተመድቤ የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሥራዬ ለጤና ትምህርት የሚሆኑ ፖስተሮችን መሣል ነው። ያኔ ወደ ሶሻሊስት አገሮች የሚላክ የነፃ ትምህርት ዕድል አልፎ አልፎ ይመጣ ነበርና አንድ መስከረም ላይ፣ ሰኞ ጠዋት፣ አለቃዬ ጓድ ተሰማ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ለግራፊክ ጥበብ ድህረ ምረቃ አንድ ሰው ይፈለጋል። አሥራ ሁለት ሥራዎች ተያይዘው ዓርብ ከመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ጋር መውጣት አለባቸው።

«ይሄ ላንቺ የተጻፈ ነው» አሉኝ። እኔም እንደዚያው ነበር የመሰለኝ።

አሥራ አንዱ በእጄ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛው፣ ከሁሉም የምኮራበት፣ ወረቀት ጠፍቶ ሳይታተም ስለቀረ ዋናው ራሱ ለሙከራ አሞራ ገደል ከሚባለው የሐይቅ ዳር የዓሣ ገበያ አጠገብ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን ጨውና ስኳር በውኃ እንዴት እንደሚበጠበጥ የሚያስተምር ሥዕል ነው። አንድም ፊደል የለበትም። አንዲት ቀጭን እጅ፣ ከአንጓዋ ላይ የምታልቅ፣ በብርጭቆ ውኃ ላይ ጨው ትበትናለች፤ ከብርጭቆው ወደ ሕፃን አፍ አንድ ቀይ ቀስት ይሄዳል። የቀረው ባዶ ነጭ ነው። ያን ነጭ እንዴት እንደምወደው! የአውሮፓ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ በብስክሌቴ ወረድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበርና መንገዱ ዳር ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ከሐይቁ በኩል የእርጥብ ዓሣ ሽታ ይመጣል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ የሚያጸዱትን ሰዎች ከበው እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ቆመዋል። ከደስታዬ ብዛት ቆሜ አንድ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ በላሁና እጄን እንኳ በደንብ ሳልታጠብ ክሊኒኩ ገባሁ።

ሥዕሌ ወደተሰቀለበት ግድግዳ ሄድኩ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በማይችል ሰው አሣሣል፣ እጅዋ ላይ ክንድ ተቀጥሎባታል። ከክንዱ ትከሻ፣ ከትከሻው ራስ፣ ራሱ ላይም ሻሽ። ቀዩ ቀስት በፕላስተር ተሸፍኗል።

«ማነው ይህን ያበላሸው?» ብዬ ጮህኩ።

የክሊኒኩ ጤና ረዳት ወይዘሮ ማርታ፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው የሲዳማ ሴት፣ መርፌ ከሚቀቅሉበት ዞር አሉ። «እኔ ነኝ ልጄ። ቁጭ በይ።»

አልቀመጥም አልኩ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ ነገሩኝ። «እናቶቹ ሲያዩት ‹ይህች እጅዋ የተቆረጠ ሴት ምን አድርጋ ነው?› አሉኝ። አንዷ ልጇ ተቅማጥ ይዞት መጥታ፣ እዚህ እጅ ይቆርጣሉ ብላ በበሩ ተመልሳ ወጣች። በሦስተኛው ቀን አባቱ ተሸክሞት መጣ። ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። ከዚያ ነው እስክሪብቶ ያነሣሁት።»

«ቀስቱስ?»

«ጦር ነው አሉ። ልጅን በጦር የሚወጋ።»

ያን ጊዜ ተቀመጥኩ። አፈርኩ ማለት አይበቃም። አንድ ልጅ በእኔ ነጭ ወረቀት ምክንያት ሊሞት ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ሥዕሌ ነበር የጮህኩት።

መጋዘናችን ውስጥ የቀረው አንድ ወፍራም ወረቀት ብቻ ነበር። ለማመልከቻው ያንኑ ሥዕል ንጹሕ አድርጌ ልሣልበት እችላለሁ፤ አለዚያም ለክሊኒኩ አዲስ ልሥራበት። ለሁለቱም አይበቃም። እስከ ረቡዕ ጠዋት አልወሰንኩም። ከዚያ ወረቀቱን ጠቅልዬ ወደ ክሊኒኩ ወረድኩ።

ሁለት ቀን እናቶቹ መሐል ተቀምጬ ሣልኩ። እነሱ በሲዳምኛ ይነግሩኛል፣ ወይዘሮ ማርታ ይተረጉሙልኛል። ብርጭቆው ይቅር፣ ጣሳ ይሁን አሉ። ሴትየዋ ሙሉ ሰው ሆነች። አንዲት እናት የሣልኩትን ሕፃን አይታ ሳቀችና ብዙ ተናገረች። «የታመመ ልጅ እንዲህ ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፣ ክንድ ላይ ነው የሚወድቀው ትላለች» አሉኝ ወይዘሮ ማርታ። የራሷን ልጅ በክንዷ አስተኝታ አሳየችኝ፤ እንደዚያው አድርጌ ሣልኩት። ምሳችንንም ከአንድ ትሪ ቆጮ በአይብ በላን።

ዓርብ ዕለት ከአሥራ አንዱ ጋር ያንን በእስክሪብቶ የተሞነጫጨረውን ሥዕል፣ የሆነውን ሁሉ ከሚተርክ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለጓድ ተሰማ ሰጠኋቸው።

«ይህን ልከሽ እንዳትወድቂ እፈራለሁ» አሉኝ። «ወይ አሥራ አንዱን ብቻ እንላክ።»

«አሥራ ሁለት ነው የተባለው፣ ጓድ።»

ደብዳቤዬን አነበቡ። ከዚያ ማኅተሙን አሳረፉበት።

ታኅሣሥ ላይ መልሱ መጣ። አልተመረጥሽም ይላል፤ ምክንያት የለውም። ሥዕሎቼም አልተመለሱም። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ወይዘሮ ማርታ ከየት እንደሰሙ እንጃ ቢሮዬ ገቡ። ሌላ ይመጣል አላሉኝም፣ ለበጎ ነው አላሉኝም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ሠራተኛው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ እዚያው ነበሩ።

ሌላ ዕድልም አልመጣም። አዲሱ ሥዕል ግን በኋላ ወረቀት ሲገኝ ታትሞ በየክሊኒኩ ተሰቀለ፤ ለዓመታት ስሜ ሳይኖርበት አየሁት። እኔም ሥዕል እያስተማርኩ እዚሁ አረጀሁ። ያን የእስክሪብቶ ሥዕል ባልልከው ኖሮ እመረጥ ነበር ወይ እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ቁጭቱ አለ፣ አልዋሽም። ረቡዕ ጠዋት ስላደረግሁት ግን አንድ ቀን እንኳ ተጸጽቼ አላውቅም።

የወንድሜ ልጅ አሥራ አምስቱን መርጣ ላከች። እንድትሄድ፣ እኔ ያላየሁትን እንድታይ ጸሎቴ ነው። ባይሳካላት ምን እንደምላት ከአሁኑ ሳስብ ሰነበትኩ፤ የሚሆን ቃል ግን አላገኘሁም። ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።